ቆርኪው በየት በኩል ይምጣ?

ሰፈር ውስጥ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ጠጠር አይገዙም። አንዱ ቆርኪዎቹን በጀርባቸው፣ ሌላው በሆዳቸው ይደረድርና ጨዋታው ይጀመራል። ቆርኪው በየትኛው ፊቱ እንደተቀመጠ ለማወቅ ማየት እንኳ አያስፈልግም፤ አውራ ጣት ይበቃል። ቢራና ለስላሳ በሚሞላ ፋብሪካ ግን ይኸው ልዩነት ራስ የሚያሳምም የምህንድስና ጥያቄ ነው። ከካርቶን የተዘረገፈ ቆርኪ ሁሉ ጥርሱን ወደ ታች አድርጎ፣ አንድ በአንድ፣ ጠርሙሱ ሥሩ ሲደርስ ሳይቀድም ሳይዘገይ መገኘት አለበት። ፈጣን የሚባሉት መስመሮች ደግሞ በሰዓት ከ50,000 ጠርሙስ በላይ ይከድናሉ።

ዊልያም ፔይንተር የተባለው የባልቲሞር ሰው ለቆርኪ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ያኔ ቆርኪው 24 ጥርስ ነበረው፤ ዛሬ 21 ነው። ፔይንተር ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በእግር የሚረገጥ መክደኛ ማሽን ሠራ። ቆርኪውን አገላብጦ የሚያስቀምጥ የሰው እጅ እስካለ ድረስ ቀሪው ሥራ ወደ ታች መጫን ብቻ ነበር። እጁ ሲወጣ ችግሩ ከመጫን ወደ ማቅረብ ዞረ።

ስለ አውቶሜሽን ሲወራ ዓይን የሚስበው የሮቦት ክንድ ነው። ክንዱ ግን የሚያነሳው ዕቃ በታወቀ ቦታና በታወቀ አኳኋን ካልቀረበለት ቆሞ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራው የለም። የመስመሩ ዕጣ የሚወሰነው ከክንዱ በፊት ባለው መጋቢ ማሽን ነው፤ ይበልጡን ደግሞ፣ ከሁሉም በፊት፣ ዕቃውን በነደፈው ሰው ጠረጴዛ ላይ።

በብዛት የሚያገለግለው መጋቢ ሲያዩት የሚያስደንቅ አይደለም። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ በውስጥ ግድግዳው ላይ ጠባብ መንገድ እየዞረ ወደ አፉ ይወጣል። ከሥሩ ኤሌክትሮማግኔትና ዘመም ብለው የቆሙ ጠፍጣፋ ሞላዎች አሉ። ማግኔቱ እየሳበ ሲለቅ ሳህኑ በሰከንድ 50 ወይም 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሞላዎቹ ዘማማ በመሆናቸውም እንቅስቃሴው ወደ ላይና ወደ ጎን ባንድ ጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ርግብታ ሳህኑ ውስጥ ያለች ብሎን ዓይን የማይለየው ዝላይ ትዘላለች። ከሩቅ ለሚያይ ዕቃው በገዛ ፈቃዱ ዳገት የሚወጣ ይመስላል።

መንገዱ ላይ ወጥመድ አለ። ቆማ የመጣችውን ብሎን ከላይ የተጋረደ ላሜራ ገፍቶ ይጥላታል። ሁለት ብሎኖች ተነባብረው ከመጡ የላይኛዋ ትወድቃለች። ትንሽ አለፍ ብሎ መንገዱ ይሰነጠቃል፤ እዚያ የብሎኗ እግር ወደ ስንጥቁ ይገባና በጭንቅላቷ ተንጠልጥላ ትቀጥላለች። የወደቀው ሁሉ ወደ ሳህኑ መሀል ተመልሶ እንደገና ይሰለፋል። ሳህኑ ካሜራም ኮምፒውተርም አያስፈልገውም፤ ያልተመቸውን ይጥላል፣ በቃ።

መጣል ግን በነፃ አይደለም። አንድ ኩብ 24 ዓይነት አቀማመጥ አለው፤ በስድስት ጎኖቹ ሊቀመጥ፣ በእያንዳንዱም ላይ አራት ጊዜ ሊዞር ይችላል። ጎኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ በየትኛውም ቢመጣ ልክ ነው። በአንዱ ጎን ጥግ ላይ አንዲት ቀዳዳ ከተበሳች ግን ልኩ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ሁሉም አቀማመጥ እኩል ዕድል ካለው ማሽኑ አንድ ኩብ ለማሳለፍ በአማካይ 24 ማስኬድ ይኖርበታል። ቀዳዳዋ በስድስቱም ጎን መሀል ለመሀል ተበስታ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ነዳፊው ግን ወረቀቱ ላይ ቀዳዳዋን ሲያስቀምጥ ስለ ሳህኑ አያስብም፤ ምናልባትም ሳህን አይቶ አያውቅም።

ይህን ጉዳይ በስሌት የሚያስተምሩት ትምህርት ያደረጉት በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት እንግሊዛዊው ጄፍሪ ቡዝሮይድ ናቸው። ከፒተር ዱኸርስት ጋር ባዳበሩት ዘዴ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ምክራቸው ደፋር ነው፦ ዕቃው በየትኛውም በኩል ቢመጣ አንድ እንዲሆን አድርጉት፤ ካልተቻለ ልዩነቱን ደብቃችሁ አታስቀሩት፣ አጉልታችሁ አውጡት። ሞላ እርስ በርሱ የሚተበተብ ከሆነ ጫፉን ዝጉት። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ዕቃውን ጨርሶ ማስቀረት ነው።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ያቀረበው ፕሮፕሪንተር የተባለ ማተሚያ የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ሮቦቶች እንዲገጣጥሙት ታስቦ ብሎኖቹ ወጥተው ክፍሎቹ ቀጭ እያሉ የሚገቡ ተደረጉ። ውጤቱ ግን አስቂኝ ነበር፤ ለሮቦት የቀለለው ለሰው እጅ ከዚያ በላይ ቀለለ፣ ሮቦቱም እምብዛም አስፈላጊ አልሆነም። ተቃራኒው በመኪና አምራቹ ቴስላ ታየ። ለስላሳ የመስታወት ጭረት ምንጣፍ ከባትሪ ላይ የሚያነጥፈው ሮቦት ዕቃውን መያዝ ተስኖት ነበር፤ የኩባንያው መሪ ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2018 ከልክ በላይ አውቶማቲክ ማድረጋቸው የራሳቸው ስህተት እንደነበር በይፋ አመኑ።

ካሜራ ይህን ሁሉ አልፈታውም ወይ የሚል ይኖራል። በከፊል ፈትቶታል። አሲሪልን የመሳሰሉ የስዊዘርላንድ ኩባንያዎች ዕቃውን ጠፍጣፋ ገበታ ላይ የሚያርገበግቡ፣ ከላይ በካሜራ የሚያዩ መጋቢዎች ይሠራሉ፤ ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ነገ ሌላ ዓይነት ለሚያመርት ፋብሪካ ግሩም ናቸው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቆርኪ ለሚያፈስ መስመር ግን ሥራው ሜካኒካዊ ሆኖ ይቆያል። በንድፈ ሐሳብ ደረጃም ቢሆን ማየት ግዴታ አይደለም፤ የሮቦት ተመራማሪው ኬን ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት ሁለት ትይዩ መንጋጋዎች ያሉት ቀላል መያዣ፣ ያለ አንዳች ዳሳሽ፣ የትኛውንም ባለብዙ ጎን ቅርጽ በተከታታይ መጭመቅ ብቻ ሊያቀና እንደሚችል አረጋግጧል።

የሚገርመው፣ ዕቃው ሲወለድ አቅጣጫው የታወቀ ነበር። ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ የት በኩል እንደዞረ ማሽኑ ያውቃል፤ ከዚያ ካርቶን ውስጥ ይዘረገፋል፣ ቀጣዩ ፋብሪካም የተጣለውን ሥርዓት መልሶ ለማግኘት ይከፍላል። የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ይህን ቀድሞ ነቅቶበታል፤ የሩዝ ፍሬ የማያህሉ ሬዚስተሮች እንደተሠሩ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ተደርድረው፣ 5,000 ወይም 10,000 እየሆኑ በጥቅል ይሸጣሉ።

ሳህኑን የሚሠሩት ባለሙያዎች ዛሬም በብየዳና በሞረድ ነው የሚያስተካክሉት፤ ከደንበኛው ከራሱ ምርት ናሙና ሳይቀበሉም አይጀምሩም። ማሽን ወደ ኢትዮጵያ የሚያስመጣ ሰው ሊያስብበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ለ60 ኸርዝ አገር የተቃኘ ሳህን ሞላዎቹ ካልተስተካከሉ ወይም ፍሪኩዌንሲውን የሚለውጥ መቆጣጠሪያ ካልታከለለት ይልፈሰፈሳል። ናሙናው የተላከው ከአንድ አቅራቢ ሆኖ ግዥ ክፍሉ በኋላ ርካሽ ወዳለው ሌላ አቅራቢ ቢዞር ደግሞ፣ ጠርዙ በጥቂቱ የሻከረ ዕቃ መስመሩን ሊያስቆም ይችላል። የተረፈው ገንዘብ ለግዥ ክፍሉ ይመሰገንበታል፤ የቆመው ሰዓት የሚጻፈው በጥገና ክፍሉ ላይ ነው።