ባዶ መሶብ በሠርግ ጠረጴዛ ላይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን ሆይ፥ በሀገራችን ጥር የሠርግ ወር ነው። ጥር 11 ቀን ከሚከበረው ከጥምቀትና በማግሥቱ ከሚውለው ከቃና ዘገሊላ በዓል አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ የጥሪ ካርድ የማይደርሰው ቤት ጥቂት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጎጆ ይወጣሉ። ስለዚህ ትንሽ ስለሚመስል፥ ነገር ግን ብዙ ነገር ስለሚገልጥ ስለ ሠርግ ጠረጴዛ ጌጥ ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በከተሞቻችን የሠርግ አዳራሾች የሚያብረቀርቀው ጨርቅና የፕላስቲክ አበባ ቦታውን ለሌላ ዓይነት ጌጥ ሲለቅ እናያለን። በጠረጴዛው መካከል ጆንያ ይዘረጋል፤ በላዩ ከነቅርፊቱ የተቆረጠ የእንጨት ጉማጅ ይቀመጣል። በጉማጁ ላይ ጀበና፥ ቅል ወይም ሙዳይ ይደረጋል። ብርሌው በጠጅ ፈንታ አበባና የስንዴ ዛላ ይይዛል፤ ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። የዚህ ጌጥ እኩሌታው በአሜሪካና በአውሮፓ በእርሻ ቤትና በጎተራ ውስጥ ከሚደረጉ ሠርጎች በፎቶግራፍ የመጣ ነው፤ እኩሌታው ግን ከአያቶቻችን ጓዳ የወጣ ነው።

ይህን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ውበት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው። የምስክሩን ድንኳን ይሠራ ዘንድ የተጠራው ባስልኤል በወርቅ፥ በእንጨትና በድንጋይ የመሥራት ጥበብን የተቀበለው ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሆነ በኦሪት ተጽፏል (ዘጸ. 31፥1-5)። መሶብም የእናቶቻችን ጥበብ ነው። ስንደዶውና አክርማው ይለቀማል፥ ይደርቃል፥ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያም በወስፌ አንድ በአንድ ይሰፋል። አንዲት እናት የብዙ ቀን ድካሟን ያፈሰሰችበትን ሥራ በልጇ ሠርግ ላይ ማክበር ተገቢ ነው። ለምለሙ ቄጤማም ቢሆን ለእኛ ተራ ሣር አይደለም። በቀዳም ስዑር ካህናት የኖኅን ርግብ የምሥራች እያሰቡ ለምእመናን የሚያድሉት እርሱን ነው።

ታዲያ ጥያቄው ምንድን ነው? ባለፈው ጥር በታደምሁበት አንድ ሠርግ በየጠረጴዛው መካከል አንድ አንድ ያማረ መሶብ ቆሞ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አረጋዊት እናት ጥቂት ከጠበቁ በኋላ ክዳኑን አነሡት፤ ውስጡ ባዶ ነበር። ከአስተናጋጆቹ አንዱ ፈጥኖ መጣና "እማማ፥ እርሱ ለጌጥ ነው፤ ምግቡ በዚያ በኩል ነው፤ ተሰልፈው ያንሡ" አላቸው። እርሳቸውም "መሶብ ለጌጥ?" ብለው ክዳኑን መለሱት። እጃቸው እስኪመለስ ድረስ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ዝም አልን። ወጣቱ ክፉ አልተናገረም፤ እናታችንም አልተቆጡም። ነገር ግን በዚያች ጥያቄ ውስጥ ልናስብበት የሚገባ ትምህርት አለ።

መሶብ በእኛ ዘንድ ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያናችን በውዳሴ ማርያም እመቤታችንን "መሶበ ወርቅ" ብላ ታመሰግናታለች። እንዲህ ያለችውም መና የተሰወረበት ስለ ሆነ ነው፤ መናው የሕይወት እንጀራ ክርስቶስ ነው። እንግዲህ መሶብ የሚከበረው በውስጡ ስላለው እንጀራ ነው። በቤታችንም እንግዳ በመጣ ጊዜ መሶቡ የሚቀርበው ተከፍቶ ሰው ሊጠግብበት ነው። ተዘግቶና ባዶ ሆኖ በእንግዳ ፊት የሚቆም መሶብ መልኩን እንጂ ሥራውን አልያዘም።

የገጠሩ ሠርግ ያማረው በዕቃው አልነበረም። ሠርግ ሲደርስ የመንደሩ ወንዶች እንጨት ቆርጠው፥ ቅጠል አምጥተው ዳስ ይጥሉ ነበር። ሴቶቹ ጠላ ይጠምቃሉ፥ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ዕቃ የጎደለው ከጎረቤቱ ይዋሳል። በከተማም ቢሆን እድሩ ድንኳኑን፥ ወንበሩንና ድስቱን ይሰጣል። የዳሱ ቅጠል ጌጥ የሆነው ጎረቤት ተሸክሞ ስላመጣው ነው። ዛሬ ግን ቅጠሉን ተከራይተን ጎረቤቱን በእንግዳ ቁጥር ቀንሰን እናስቀረዋለን። የድሀውን ቤት ዕቃ በጠረጴዛችን ላይ ደርድረን ድሀውን በበር ላይ እናቆመዋለን። ጌታችን ግን ግብዣ ስናደርግ ብድር ሊመልሱልን የማይችሉትን እንድንጠራ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥12-14)።

ሁለተኛው ነገር ወጪው ነው። "ቀላልና ገጠርኛ" የሚባለው ጌጥ ብዙ ጊዜ ቀላል አይደለም። 300 እንግዳ ተጠርቶ በአንድ ጠረጴዛ 10 ሰው ቢቀመጥ 30 ጠረጴዛ ይሆናል። ለእያንዳንዱ መሶብ፥ ጉማጅ፥ ብርሌና ጆንያ ለአንድ ምሽት ሲከራይ፥ የማጓጓዣውና የሠራተኛው ዋጋም ሲጨመር፥ ድህነትን ለመምሰል ሀብት ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ ካሉ ወንድሞችና እኅቶች ጋር እማራለሁ፤ ተጫጭተው፥ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተማክረው፥ ለአዳራሹና ለዲኮሩ ገንዘብ እስኪሞላ ብለው ጋብቻቸውን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያስተላልፉ አሉ። ሥርዓተ ተክሊሉ የሚጠይቃቸው ንጽሕናንና ዝግጅትን ነው፤ ያዘገያቸው የጠረጴዛ ጌጥ ነው። በመጠበቁ መካከል የሚመጣውን ፈተና፥ ቅዝቃዜና መለያየት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ነገሩ የጆንያና የቅል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በቃና ዘገሊላ የሆነውን አስቡ (ዮሐ. 2፥1-11)። ወንጌላዊው ስለ ሠርጉ ቤት ጌጥ አንዳች አልነገረንም። የነገረን ስለ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ የሚይዙ፥ ለመንጻት ውኃ የሚቀመጥባቸው ተራ ዕቃዎች ነበሩ። የተከበሩት ግን እስከ አፋቸው ስለ ተሞሉ ነው። እመቤታችንም በዚያ ማዕድ ያየችው የጎደለውን ነው። እንግዳው ምን አጣ? ባለ ሠርጉ በምን ያፍራል? ብላ ተመለከተች፥ ለመነችም። ጠረጴዛ ልናስጌጥ ስንነሣ በእርሷ ዓይን ብንመለከት ብዙ ነገር ይቀለን ነበር።

"ሠርግ እኮ በሕይወት አንድ ጊዜ ነው፤ ለምን አናምርበትም?" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ስለ ሆነም ከልብ ሊሆን ይገባዋል። ደግሞም "በዲኮር ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉ" ይባላል። እነርሱም በላባቸው የሚበሉ ናቸውና ሥራቸውን አልነቅፍም፤ የሚሠሩት እኛ ያዘዝናቸውን ነው። ስለዚህ መታረም ያለበት ትእዛዛችን ነው።

እንግዲህ ሠርግ ለምታስቡ ሁሉ ጥቂት ምክር ላቅርብ። በጠረጴዛው መካከል የሚቀመጠው ነገር በተቻለ መጠን የሚበላ ይሁን። በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ በሌማት ላይ ቢቀመጥ ከእርሱ የሚበልጥ ጌጥ አላውቅም። በጠረጴዛው ያለው ታላቅ ሰው ባርኮ ይቆርሰዋል፤ የማይተዋወቁ እንግዶችም ከአንድ ዳቦ ሲቆርሱ ይተዋወቃሉ። መሶብ ካቆማችሁ እንጀራ ይኑርበት። ዕቃውን ከመከራየት በፊት እናቶችን፥ አክስቶችንና ጎረቤቶችን ጠይቁ። አንዷ ሙዳይ፥ ሌላዋ ሰፌድ፥ ሌላዋ ጀበና ታውሳችኋለች፤ ጠረጴዛዎቹ አንድ ዓይነት ባይሆኑም እያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት ይኖረዋል። የምትገዙም ከሆነ ከሠርጉ በኋላ በጎጇችሁ የምትገለገሉበትን ግዙ። ጌጡም ከፍ ብሎ ፊት ለፊት የተቀመጡትን እንዳይለያይ፥ ሰፍቶም የሳሕኑን ቦታ እንዳይወስድ ተጠንቀቁ። ለጌጥ ካሰባችሁት ወጪ ጥቂቱን አንሥታችሁ ለነዳያን አንድ ጠረጴዛ ዘርጉ፤ እርሱም እንደ ሌሎቹ ይጌጥ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። "ባህላዊ" በሚል ስም ጧፍ፥ መቋሚያ፥ ጸናጽልና ቅዱሳት ሥዕላት የመጠጥ ብርጭቆ በሚደረደርበት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ማየት ጀምረናል። እነዚህ ለጸሎትና ለማኅሌት የተለዩ ንዋያት ናቸው እንጂ ለዓይን ማረፊያ የሚከራዩ ዕቃዎች አይደሉም። ባህላችንን እናክብር፤ የተቀደሰውን ግን በቦታው እንተወው።

ውድ አንባብያን፥ በዚህ ዓመት ለሠርግ የምትዘጋጁ ሁሉ ከአዳራሹ ባለቤት ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት እጮኛሞቹ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ "ይህ ጠረጴዛ ማንን ያጠግባል?" ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱን ካገኛችሁ ጌጡን ለመምረጥ አትቸገሩም። በቃና ገሊላ ሠርግ የተገኘ ጌታ በእናንተም ሠርግ ይገኝ፤ ጎጇችሁን ይባርክ፤ መሶባችሁም ባዶ አይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።