ዳገቱ ያደክማል፤ ቁልቁለቱ ግን ይገድላል

በዱርቤቴም ሆነ በቡሬ የጎዳና ብስክሌት ውድድር ሲታሰብ የሚወራው ስለ ዳገቱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ልጅ ቁልቁለት ላይ 45 ሊደርስ ይችላል። ፍጥነቱ 3 እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት 9 እጥፍ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ካዛኪስታናዊው ባለሙያ ብስክሌተኛ አንድሬ ኪቪሌቭ ያለ ሄልሜት ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ለባለሙያው ግዴታ ከሆነ ለጀማሪው እንዴት ይቀራል?

በእኔ እምነት ሄልሜት የሌለው፣ ሁለቱም ፍሬኑ የማይሠራ ልጅ መወዳደር የለበትም። አዘጋጆች፣ ከዋንጫው በፊት ሄልሜት ግዙ።

ወድቆ የተነሣ ልጅ ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ራስ ምታቱ ከበረታ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።