ዋጋው በብረቱ፣ ድምፁ በጎማው

በቶኪዮ ከተማ፣ አኪሃባራ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሠፈር፣ ጆሮ ውስጥ የሚሰኩ ማዳመጫዎች እንደ ወርቅ ቤት ዕቃ ተደርድረው ይሸጣሉ። የአንዱ ዋጋ 20 ዶላር፣ የሌላው 3,000 ዶላር ሊሆን ይችላል። ገዢው የራሱን ስልክ ሰክቶ አንዱን እያወጣ ሌላውን እያስገባ እንዲያዳምጥ ይፈቀድለታል። አዲሱም ያገለገለውም በዚያው ይገበያያል። ታዲያ ገበያውን የለመደ ገዢ ከስልኩ ሌላ አንድ ነገር በኪሱ ይይዛል፤ ይኸውም ለጆሮው ልክ የሆነውን ጎማ ነው።

ጎማ ሲባል በማዳመጫው ጫፍ የሚጠለቀው፣ ከሲሊኮን ወይም ከስፖንጅ የሚሠራው ቁራጭ ነው። ሲጠፋ ማንም የማያዝንለት፣ ሲገዙትም ማንም የማይከራከርበት ዕቃ። የሺህ ዶላሩን ማዳመጫ የሺህ ዶላር ወይም የሃያ ዶላር የሚያደርገው ግን ይኸው ቁራጭ ነው። አባባሉ ማጋነን የሚመስለው ካለ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል።

ዕቃው የተወለደው ለቅንጦት አልነበረም። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኤቲሞቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 የመሠረቱት ሚድ ኪልየን መስማት ለሚሳናቸው በሚሠሩ የጆሮ መሣሪያዎች ሙያ የታወቁ ሰው ናቸው። ኩባንያው በ1991 ኢአር-4 የተባለውን ማዳመጫ ለገበያ ሲያወጣ መለያው እንደ ጃንጥላ ሦስት ጊዜ የተደራረበው ጎማው ነበር። በ1995 ደግሞ የቫን ሄለን የሙዚቃ ጓድ የድምፅ ባለሙያ የነበረው ጄሪ ሃርቪ ለጓዱ ከበሮ መቺ ለአሌክስ ቫን ሄለን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ሞኒተር ሠራለት። ከዚያ የተነሣው አልቲሜት ኢርስ የተባለው ኩባንያ በ2008 በሎጂቴክ ተገዛ። ዛሬም ቢሆን በብዙ ውድ ማዳመጫዎች ሆድ ውስጥ የሚገኙት ጥቃቅን ድራይቨሮች ኖውልስና ሶኒየንን ከመሰሉ፣ ለመስሚያ መሣሪያ ሠሪዎች ዕቃ ከሚያቀርቡ ጥቂት ፋብሪካዎች የሚወጡ ናቸው። የዜንሃይዘርን የሸማች ዕቃዎች ክፍል በ2021 ለመግዛት የተስማማውና በ2022 የተረከበው ሶኖቫም የስዊስ የመስሚያ መሣሪያ ኩባንያ ነው። እንግዲህ ሙያው የመጣው ከሕክምናው ወገን ነው ማለት ይቻላል። የሕክምናው ወገን ደግሞ ጆሮ በደንብ ካልተዘጋ የተቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም መሆኑን ቀድሞ ያውቃል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሰው የጆሮ ቱቦ ርዝመት ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎማው ቱቦውን ሲዘጋ በማዳመጫውና በታምቡሩ መካከል ጥቂት አየር ይታሰራል። ድራይቨሩ የሚገፋው ያችን የታሰረች አየር ነው። በጎማውና በቆዳው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ አየሩ ይሾልካል፤ ነፋስ እንደሚያስወጣ የመኪና ጎማ መሆኑ ነው። አስቀድሞ የሚጠፋው ቤዙ ነው። ክፍተቱ እንደ ስፋቱ ዝቅተኛውን ድምፅ በ10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይቀንሰዋል። 10 ዴሲቤል ማለት ለጆሮ በግማሽ የቀነሰ ያህል የሚሰማ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥልቀቱ ነው። ጎማው አጭር ወይም ረጅም በሆነ ቁጥር ማዳመጫው ከታምቡሩ ያለው ርቀት ይለወጣል። ርቀቱ ሲለወጥ በተዘጋው ቱቦ ውስጥ ድምፁ የሚያስተጋባበት ነጥብም ይለወጣል። ጠልቆ ሲገባ ነጥቡ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ወደ ታች ይወርዳል። በላቦራቶሪ መለኪያዎች ላይ ይህ ጉብታ 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ እንዲውል ተደርጎ ይሰካል። በሰው ጆሮ ግን ቦታው እንደየሰውና እንደየጎማው ነው። «ስ» እና «ሽ» የሚሉት ፊደላት እንደ መርፌ የሚወጉበት፣ ሌላው ሰው ደግሞ በዚያው ዕቃ ለስላሳ ነው የሚልበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚጣሉት ስለ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ነው ማለት ይቻላል።

የጎማው ቀዳዳ ስፋትም ድርሻ አለው። ጠበብ ያለው ብዙውን ጊዜ ትሬብሉን ያለዝበዋል፣ ሰፊው ይገልጠዋል። ስፖንጁ ተለጥጦ ጆሮን በደንብ ይሞላል፣ የውጭውንም ጫጫታ ይከለክላል፤ ነገር ግን ከላይኛው ድምፅ ጥቂት ይውጣል። በዚያ ላይ ስፖንጅ ላብና ቅባት ይጠጣና በጥቂት ወራት ያረጃል። ስለዚህ ስፖንጅ የሚመርጥ ሰው ዕቃውን አንዴ ገዝቶ አይገላገልም፤ እንደ መኪና ዘይት በየጊዜው የሚለወጥ ወጪ አለበት።

አምራቾቹ ይህን አያውቁትም እንዳይባል የቻይናው ሙንድሮፕ ምሳሌ ይበቃል። ኩባንያው በ2022 ቹ የተባለውን ማዳመጫ በ20 ዶላር ገደማ ሲያወጣ በሣጥኑ የጨመረው ጎማ ለብቻው ሲሸጥ 13 ዶላር አካባቢ ያወጣ የነበረው የራሱ ጎማ ነበር። ገዢው ጎማ ገዝቶ ማዳመጫ የተመረቀለት ያህል ነው። ነጋዴው እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚሠራው ለጽድቅ አይደለም። ርካሹ ዕቃ በመጀመሪያው ደቂቃ ጥሩ ካልተሰማ እንደማይሸጥ ስለሚያውቅ ነው።

ለመሆኑ ዋጋ ሲጨምር ድምፅ ይጨምራል? በ2017 ጄሮን ብሬባርት የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ 283 ማዳመጫዎችን መርምረው ነበር። በችርቻሮ ዋጋና ማዳመጫው ከቤዝ እስከ ትሬብል ድምፁን በሚያደላድልበት ሁኔታ መካከል ዝምድና አላገኙም። ይህ ለደላላ መርዶ ነው። ሸቀጥ ሁሉ በዋጋው ይታወቃል ብሎ ለሚያምን ገዢም ያው ነው።

በ3,599 ዶላር የወጣው የ64 ኦዲዮ ቲያ ፎርቴ፣ በ2021 በ1,299 ዶላር የወጣው ዜንሃይዘር አይኢ 900፣ በ2013 በ999 ዶላር የወጣው ሹር ኤስኢ846 የማይረቡ ዕቃዎች ናቸው ማለት አይደለም። ዜንሃይዘሩ በአንዲት የ7 ሚሊ ሜትር ድራይቨር፣ ሹሩ በአራት ድራይቨሮች የሚሠሩ፣ ሙያ የፈሰሰባቸው ዕቃዎች ናቸው። ገንዘቡ የሚገዛው ጠንካራ አካል፣ የሚነቀልና የሚለወጥ ገመድ፣ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን የሚደረግ ቁጥጥር፣ ከሽያጭ በኋላ የሚገኝ ጥገና ነው። እነዚህ ዋጋ አላቸው። የማይገዛው ግን የገዢውን የጆሮ ቅርጽ ነው። ያንን በጎማ መጠን ማግኘት፣ አለዚያም በባለሙያ ልክ አስወስዶ በጆሮ ቅርጽ ማስቀረጽ ያስፈልጋል። በልክ የተቀረጸው ደግሞ ለሌላ ሰው ጆሮ ስለማይሆን መልሶ ሲሸጥ ብዙ ይጎዳል። ዕቃን እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ ለሚያየው ባለሀብት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማወዳደሩም የራሱ ጣጣ አለው። ሾን ኦሊቭ የተባሉት የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪ በ1994 አርባ የኩባንያው ሠራተኞች አራት ድምፅ ማጉያዎችን እንዲመዝኑ አድርገው ነበር፤ አንድ ጊዜ ዕቃውን እያዩ፣ አንድ ጊዜ በመጋረጃ ተሸፍኖ። እያዩ ሲመዝኑ ትልልቁና ውዱ ከፍተኛ ነጥብ አገኘ። ሲሸፈን ያ ብልጫ ቀነሰ። ዓይን ለጆሮ ሲመሰክር የነበረ መሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ የቡና ነጋዴ ለማስተማር ሩቅ አይሄድም። በቅምሻ ክፍል ናሙናው በቁጥር ይቀርባል እንጂ በባለቤቱ ስም አይጠራም። ቡናውም ውኃውም በልክ ነው፤ በዓለም አቀፉ የቅምሻ ደንብ 8.25 ግራም ቡና ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ። አንዱ ስኒ ቢወፍር ሌላው ቢቀጥን ቀማሹ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ተቃውሞ ያነሣል። ማዳመጫ የሚያወዳድረው ገዢ ግን አንዱን በወፍራሙ፣ ሌላውን በቀጭኑ ቀምሶ «ይኼ ይሻላል» ይላል። ወፍራሙ ማለት ከፍ ብሎ የሚጮኸው ነው። የሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ «ከፍ አለ» ብሎ አይፈርደውም፤ «ጠራ፣ ሞላ» ብሎ ነው የሚፈርደው። በአንድ ዴሲቤል ልዩነት እንኳ ፍርዱ ሊዛባ ይችላል። ማዳመጫዎቹ ደግሞ በአንድ የድምፅ መጠን ቁልፍ እኩል አይጮሁም። ሻጩ ይህን አውቆም ሆነ ሳያውቅ ውዱን ከፍ አድርጎ ካስደመጠ ሽያጩ አልቋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ድምፁን ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ሁለቱንም በአንድ ዓይነት፣ ልኩ በተረጋገጠ ጎማ መስማት ነው። የቱቦዎቹ ውፍረት ስለሚለያይ ይህ ሁልጊዜ አይቻልም። የሹሩ ቱቦ ቀጭን በመሆኑ ለሌሎች የተሠራው ጎማ ይሾልካል፤ ጆሮ ውስጥም ሊቀር ይችላል። ሦስተኛው የሚሰካበት ዕቃ ነው። ኤስኢ846ን የመሰለ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 9 ኦም ብቻ የሆነ ባለብዙ ድራይቨር ማዳመጫ የመውጫ ተቃውሞው ከፍ ባለ ማጉያ ላይ ሲሰካ የቤዝና የትሬብሉ ሚዛን ራሱ ይለወጣል። በሱቁ ማጉያ የተወደደው ዕቃ ቤት ሲደርስ ሌላ ሰው የሚሆነው በዚህም ጭምር ነው። ገዢው የራሱን ስልክ፣ የራሱን አስማሚ ገመድ፣ ደጋግሞ የሰማውን ዘፈን ይዞ ቢሄድ ያተርፋል። አዲስ የጃዝ ቅጂ በሻጩ ግብዣ መስማት ለጆሮ ደስ ይላል እንጂ ለግዢ አይረዳም።

ጎማውን መምረጡስ? ነጋዴዎች ያወሳሰቡትን ያህል አይደለም። ብዙ ሰው በሣጥኑ ውስጥ አስቀድሞ የተጠለቀውን መካከለኛውን ሳይቀይር ይሠራበታል። ከእሱ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን መሞከር መልካም ነው። የግራና የቀኝ ጆሮ ልክ አንድ ላይሆን ስለሚችል ሁለት የተለያየ ቁጥር ማድረግ ነውር የለውም። ሲገባ ጆሮውን በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፤ ስፖንጅ ከሆነ ጨምቆ አስገብቶ እስኪነፋ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ዝቅተኛ የሚያጉረመርም ድምፅ ከፍቶ ማዳመጫውን በጣት ቀስ ብሎ መጫን ነው። ሲጫን ቤዙ ጎልቶ ከመጣ፣ ሲለቀቅ ከጠፋ፣ ጎማው እየሾለከ ነው። በራሱ ልክ ከሆነ መጫኑ ብዙ ለውጥ አያመጣም። መንጋጋን አንቀሳቅሶ ደግሞ መሞከር ጥሩ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ብቻ አይደለምና። ከዚህ አልፎ በየወሩ የ40 ዶላር ጎማ እያሳደዱ መቀያየር ሌላ የገበያ ወጥመድ ነው። ልኩ አንዴ ከተገኘ በኋላ በውድና በርካሽ ጎማ መካከል የሚቀረው ልዩነት ከምቾት ብዙም አያልፍም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የሾለከ ጎማ ቤዙን ሲወስድና የመንገዱን ጫጫታ ሲያስገባ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ማዳመጥን እንደ ወሰን ያስቀምጣል። በ90 ዴሲቤል ግን ወሰኑ በሳምንት 4 ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲነጋገር የሚውል ደላላ፣ በታክሲ ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማ ነጋዴ ያችን 4 ሰዓት በሁለት ቀን ይጨርሳል። የተጎዳ የጆሮ ነርቭ ደግሞ ተመልሶ አይድንም፤ በሺህ ዶላር የተገዛውን ድምፅ የሚሰማው ጆሮ ራሱ ይቀንሳል።

ከሻጩ በኩል የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ጆሮ ውስጥ የገባ ዕቃ ለንጽሕና ሲባል አይመለስም የሚለው ሰበብ ተገቢነት አለው። እንዲህ ከሆነ ግን ሙከራው ከክፍያ በፊት መሆን ይኖርበታል፤ ከየቁጥሩ አንድ አንድ መሞከሪያ ጎማ በአልኮል እየጠረጉ ማቅረብ የሺህ ዶላር ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ወጪ ተብሎ አይቆጠርም። ሣጥኑን አሽጎ «ከፍለህ ክፈተው» የሚል ሻጭ የሚሸጠው ስሙን እንጂ ድምፁን አይደለም። በታወቁ ብራንዶች ስም የተሠራ ማስመሰያ በሚዘዋወርበት ገበያ ደግሞ ስሙም አስተማማኝ አይደለም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ጎማውን አውልቆ የቱቦውን አፍ መረብ በብርሃን ይይ። በጆሮ ኩክ የተደፈነ መረብ አንዱን ወገን ያደክመዋል፤ ሻጩ «ድራይቨሩ እንዲህ ነው» ቢል አይመን። ከሣጥኑ ጋር የመጡት ጎማዎች በየቁጥራቸው መኖራቸውን ይቁጠር፤ ከጎደሉ የሌላ ስብስብ መግዣ ከዋጋው ይቀነስለት። የቀድሞው ባለቤት ሲጠቀምበት የነበረው ጎማ ግን ከቁጥሩ አይገባም፤ እሱ የሚጣል ነው።