ያልታመመው ልጅ የተሸከመው

ሰው ስለ በሽታ ሲያስብ ዓይኑን የሚጥለው በታመመው ላይ ነው፤ ይህም የተፈጥሮ ነገር ስለ ሆነ አያስወቅሰውም። ነገር ግን በደብረ ብርሃን ውርጭ ጉንጩ ቀልቶና ተሰነጣጥቆ፣ ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ፣ ከእኩዮቹ ጋር የጨርቅ ኳስ ሲያባርር የሚውለው፣ ትኩሳትም ሳልም የሌለበት፣ እናቱም «ተመስገን፣ ዘንድሮስ አልታመመብኝም» የምትልለት ሕፃን፣ ከአፍንጫው በስተኋላ በጉሮሮው ላይ ስንትና ስንት ረቂቃን ተሕዋስያንን እንደሚያሳድር፣ ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ የሐኪም መድኃኒት የማይበግራቸው እንደ ሆኑ፣ ከባለሙያዎቹ በቀር የሚያስተውል ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስላልታመመው ልጅ ነው።

ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ዋና ማደሪያው የሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁን ሳይጎዳ ሰንብቶ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጉንፋን ወይም የምግብ እጥረት ሲያመቻችለት ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች፣ ወደ ጆሮ ገብቶ መግል፣ ወደ አንጎል ሽፋን ዘልቆ ማጅራት ገትር ይሆናል። በደጋው ቤት ልጆች ከብርዱ የተነሣ በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተጠጋግተው ስለሚያድሩ፣ በአንዱ አፍንጫ ያደረው ሁሉ ውሎ ሳያድር ለወንድሙ፣ ሰንብቶም አቅፋ ለምታሞቀው ለአያቱ ይተርፋል፤ ሕፃኑ የማይታመምበትን ተሕዋሲ እርሷ በእርጅናዋ ልትሞትበት ትችላለች።

ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲል እሰማለሁ። መድኃኒቱን የሚላመደው ግን ሰውነታችን ሳይሆን ተሕዋሲው ነው። የተዋጠው መድኃኒት የታመመውን ስፍራ ብቻ መርጦ የሚሄድ ስላልሆነ፣ በደም ተሳፍሮ በጉሮሮም በአንጀትም ያሉትን፣ ክፉ ያልሠሩትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ያገኛቸዋል፤ ደካሞቹ ይሞታሉ፣ መቋቋሚያውን በተፈጥሮ ያገኙት ወይም ከሌላ ተሕዋሲ የተቀበሉት ይተርፋሉ፣ ባዶ በቀረውም ስፍራ እነርሱው ይባዛሉ። በአንጀት ውስጥ ያሉቱ ደግሞ ይህን መቋቋሚያ ከዘራቸው ውጭ ላለው ባክቴሪያ ጭምር ያቀብላሉ። ስለዚህ በዕድሜው አንዲት ማንኪያ መድኃኒት ያልቀመሰ ሕፃን፣ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ በጠጣው ምክንያት፣ መድኃኒት የማይገድለውን ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል።

ባለፈው ክረምት በከተማችን በአንድ መድኃኒት መደብር ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ገብተው ለልጅ ሳል የሚሆን አሞክሳሲሊን ጠየቁ። ወጣቱ ሻጭ «ስንት ዓመቱ ነው፣ አባቴ?» አላቸው፤ የሐኪም ማዘዣ ግን አልጠየቃቸውም። አራት ዓመቱ እንደ ሆነ ሲነግሩት የሚበጠበጠውን ዱቄት ከነጠርሙሱ አነሣ፤ እርሳቸው ዋጋውን ሰምተው ከመቀነታቸው የፈቱትን ብር ደግመው ቆጠሩና፣ «እንግዲያው ከትልልቁ ፍሬ ጥቂት ቁረጥልኝ፣ እናቱ ከፍላ በውኃ ታጠጣዋለች» አሉት። ወጣቱም መቀሱን አንሥቶ ከእሽጉ ላይ አራት ፍሬ ቆረጠና በቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው። አራት ፍሬ ካፕሱል ሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን አያድንም፤ ጉንፋን ብቻ ለያዘው አያስፈልገውም፤ በጉሮሮው ያሉትን ባክቴሪያዎች ለማሠልጠን ግን ይበቃል። ሕጉ ይህን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥን ይከለክላል። ሆኖም አባትየውን ለመውቀስ አንደበቴ አልታዘዘልኝም፤ ከአንኮበር ቁልቁለት ወጥቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለሚመጣ ሰው የሐኪም ወረፋ አንድ የሥራ ቀን ከነመሳፈሪያው እንደሚያስከፍል አውቃለሁና። ሻጩን ግን እወቅሰዋለሁ፤ የተማረው እርሱ ነው።

መድኃኒት መሻት ለአንኮበር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ወደ አንኮበር፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ ቤተ መንግሥቱም ሕዝቡም ከእንግዳው አጥብቆ ከፈለጋቸው ነገሮች አንዱ መድኃኒት ነበር፤ በእኛም ዘመን የዕፅዋት ተመራማሪዎች በዚያው ወረዳ ለሰው ፈውስ የሚውሉ ከ130 በላይ ዕፅዋትን ከሽማግሌዎች አፍ ለቅመው መዝግበዋል። ዳማከሴውም ጤና አዳሙም እንዳለ ነው፤ የተጨመረው ካፕሱሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዓባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የክልሉ ጤና ቢሮ፣ የካርተር ማዕከልና በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዓይን በሽታ የሆነውን ትራኮማን ለማጥፋት አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለሕዝብ እያደሉ ያጠኑ ነበር። የልጆቹ መጠን የሚታወቀው በሚዛን ሳይሆን በቁመት ስለ ነበረ፣ ሕፃናቱ ተራ በተራ ከመለኪያው በትር ሥር ይቆሙና ራሳቸው የደረሰበት ምልክት ታይቶ ይሰፈርላቸው ነበር። በዕጣ በተለዩ 12 መንደሮች ከአንድ እስከ ዐሥር ዓመት ያሉ ልጆች በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን ሲወስዱ፣ ሌሎች 12 መንደሮች ለንጽጽር ተራቸውን ጠበቁ። ከዓመት በኋላ፣ ለበሽታ ሳይሆን ለምርመራ ብቻ የልጆቹ ጉሮሮ በአፍንጫቸው በኩል በቀጭን ዘንግ ተጠርጎ ሲታይ፣ ለአዚትሮማይሲን የማይበገር ኒሞኮከስ በመጀመሪያ ከመቶ 3.6 በሚሆኑት ብቻ የነበረው ወደ 46.9 ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒቱን ገና ባልወሰዱት መንደሮች ግን 9.2 ነበረ። ይህ በ2003 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። የሚያጽናናው ነገር፣ ፔኒሲሊን በእነዚህ ልጆች ዘንድ ኃይሉን አላጣም ነበር፤ በጉራጌ በተደረገ ሌላ ጥናትም ዕደላው ከቆመ በኋላ የተላመዱት ተሕዋስያን ቍጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ ሄዷል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆመህ «እንግዲህ ዕደላው ጉዳት ነበር» ብለህ እንዳትፈርድ፣ የዚያኑ ወረዳ ሌላውን ውጤት ጨምሬ ልንገርህ። መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ሞት ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል አንሶ ተገኝቷል። የዓይን መድኃኒት ብለው የሰጡት የሳንባውንም የአንጀቱንም ደዌ በመንገዱ ላይ አግኝቶ መታው ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ወረዳ፣ በአንድ መድኃኒት፣ ሕይወትም ተገኘ፣ የማይበገር ተሕዋሲም ተወለደ። እኔ በጎንቻ አባት ብሆን ኖሮ ልጄን ከበትሩ ሥር ለማቆም አንዲት ሰዓት አላመነታም ነበር፤ የተከፈለው ዋጋ የሕፃናትን ነፍስ ገዝቷልና። በከተማችን መደብር በመቀስ እየተቆረጠ የሚሸጠው ግን ያንኑ ዋጋ እያስከፈለን ምን ገዛልን? ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረስን ደግሞ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ልጁ ዳነ ቢባል የዳነው በራሱ ጊዜ ነው።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1938 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የኖቤል ሽልማቱን ተቀብሎ ንግግር ባደረገ ጊዜ ይህንኑ አስቀድሞ አይቶት ነበር። ጉሮሮውን ያመመው አንድ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ብቻ ቢወስድ፣ ተሕዋሲውን ሳይገድል አስተምሮ፣ ያንኑ ወደ ሚስቱ አስተላልፎ፣ እርሷ መድኃኒት በማይፈውሰው የሳንባ ምች ብትሞት፣ የሞቷ ተጠያቂ ባልዋ ነው ብሎ ፈረደ። እኔ በአባት ላይ ያን ያህል አልጨክንም፤ ፍሌሚንግ ማዘዣ ሳይጠይቅ የሸጠውን ሰው ዘነጋው።

ሳልን ከሳንባ ምች ለመለየት ደግሞ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በጤና ኬላ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሕፃኑ ጸጥ ሲል፣ በእናቱ ጭን እንዳለ፣ ልብሱን ገልጣ ደረቱን እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባ ምች ነው ብላ አሞክሳሲሊኑን በልኩ ትሰጣለች፤ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ያቃተው ወይም የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትልካለች። ትንፋሹ ከዚያ ቍጥር በታች ከሆነና እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ሳሉ በፈሳሽና በሙቀት ይታለፋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባትም ከመድኃኒት በፊት የሚቀድም ጋሻ ነው፤ ያላስከተበች እናት ካለች ታስከትብ።

ልመናዬን ለሁለት ወገን አቀርባለሁ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በመካከላችን ነው፤ ምሁራኑ ሆስፒታል የመጣውን በሽተኛ ብቻ ሳይጠብቁ፣ የደብረ ብርሃንንና የአንኮበርን ጤነኛ ሕፃናት ጉሮሮ በወላጆቻቸው ፈቃድ በየጥቂት ዓመቱ እየመረመሩ፣ የትኛው መድኃኒት ገና እንደሚሠራና የትኛው እንደ ከዳን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በአማርኛ ይለጥፉልን። ባለ መድኃኒት መደብሮች ደግሞ ያንን ሳትጠብቁ ከነገ ጀምራችሁ ማዘዣ ጠይቁ፤ ማዘዣ የሌለውንም አባት መቀስ ሳታነሡ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩት።