የድጓ ምልክትና ሁለቱ ስክሪኖች

ድጓ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ሲሆን፣ መምህራኑ የሚመሰክሩባት የጋይንት ቤተልሔም በደቡብ ጎንደር ትገኛለች። የድጓ ብራና ሁለት ዓይነት ጽሕፈት በአንድ ገጽ ይይዛል፤ ንባቡ በጉልህ ፊደል ሲጻፍ፣ ዜማውን የሚመሩት ምልክቶች፣ ማለትም እንደ ይዘትና ደረት ያሉ ነጥቦች፣ ጭረቶችና ከሌላ ቃል የተቀነጨቡ ፊደላት፣ በአብዛኛው ከንባቡ በላይ በደቃቅ ብዕር ይሰፍራሉ። እንዲህ ያለው ገጽ በፎቶግራፍ ተነሥቶ በኮምፒውተር ሲነበብና ሲገለበጥ የስክሪን አቀማመጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ምልክቱ ካልታየ ዜማው አይገኝምና። ለዚህ ሥራ ጥራቱ ከፍ ባለ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ሞኒተር የሚቀጥል ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፉን ወደ ትልቁ ሞኒተር ይወስዳል። ትክክለኛው ክፍፍል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይህን ክፍፍል በአግባቡ ለማደራጀትም በተርሚናል፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በጽሑፍ በሚታዘዝበት መስኮት፣ የሚጻፍ ትእዛዝ ከቅንብር መስኮት ይልቅ ይታመናል።

ምክንያቱ ከስሌት ይጀምራል። ፒክስል ስክሪን ምስል የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት። ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ 3840 በ2160 ፒክስል ቢኖረው በጠቅላላው ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ሲይዝ፣ በየቢሮው የተለመደው ባለ 24 ኢንች ሞኒተር በ1920 በ1080 ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። በአንድ ኢንች ውስጥ ላፕቶፑ 282፣ ሞኒተሩ ደግሞ 92 ያህል ነጥቦችን ይደረድራሉ። ስለዚህ ቁመቱ 48 ፒክስል የሆነ ፊደል በላፕቶፑ ላይ 4.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ መስኮቱ ወደ ሞኒተሩ ሲጎተት ከ13 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ፊደሉ ቢተልቅም አዲስ ዝርዝር አላገኘም፤ ነጥቦቹ ብቻ ሰፍተዋል።

ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የቆየው የስክሪን ሥርዓት፣ ኤክስ የሚባለው፣ ሁለቱን ስክሪኖች እንደ አንድ ሰፊ ሸራ ስለሚቆጥራቸው ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው አንድ የፊደል መጠን ብቻ ያውቃሉ። እዚህ ላይ ኤክስራንድአር የተባለው ትእዛዝ ይገባል። ትእዛዙ ብቻውን ሲተየብ የተሰኩትን ስክሪኖች ስምና የሚችሉትን ጥራት ይዘረዝራል፤ ከዚያም ለሞኒተሩ ብቻ «ስኬል 2 በ2» የሚል መመሪያ ሲጨመርለት ሞኒተሩ በሸራው ላይ 3840 በ2160 የሚሆን ቦታ ይሰጠውና ምስሉ ተጨምቆ በእውነተኛ ነጥቦቹ ላይ ያርፋል። ያው ፊደል 6.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ራቅ ብሎ ለሚቀመጥ ሞኒተር የሚስማማ መጠን ነው። ሞኒተሩ በላፕቶፑ ግራ ከተቀመጠ ግን የላፕቶፑ መነሻ ከ1920 ሳይሆን ከ3840 መቆጠር አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ስክሪኖች በሸራው ላይ ይደራረባሉ።

ይህ አሠራር ግን ዋጋ ያስከፍላል። አራት የሸራ ነጥቦች በአንድ የሞኒተር ነጥብ ስለሚጠቃለሉ ደቃቅ መስመር ይደበዝዛል፤ ቁጥሩ 2 መሆኑ ቀርቶ 1.6 ወይም 1.7 ሲሆን ደግሞ ነጥቦቹ እኩል ስለማይከፋፈሉ መደብዘዙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለግዕዝ ፊደል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሊ እና ሌ የሚለያዩት በእግራቸው ባለው ነገር ነው፤ የመጀመሪያው አጭር ጭረት ሲኖረው ሁለተኛው ትንሽ ቀለበት አለው፤ የቀለበቱ ክፍት ቦታ በደቃቅ ፊደል አንድ ሁለት ፒክስል ብቻ በመሆኑ ሲደበዝዝ ይደፈንና ሌ ከሊ ጋር ይመሳሰላል። ለሚተይበው ሰው ይህ ችግር በፎንት መጠን ይታረማል፤ የፊደሉን መጠን የሚመርጠው ራሱ ነውና። በብራና ፎቶግራፍ ላይ ግን የምልክቱን መጠን የወሰነው የጸሐፊው ብዕር ነው፤ ምስሉን ማጉላት ቢቻልም ያን ጊዜ ገጹ በሙሉ አይታይም። ፎቶግራፉ በላፕቶፑ፣ የሚተየበው ጽሑፍ በሞኒተሩ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው።

የቅንብር መስኮቱ ይህን በከፊል ይሠራል፤ ሆኖም ምን እንደሠራ አያሳይም። በትእዛዙ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ይታያል፤ በወረቀት ተገልብጦ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከዚህም በላይ «ማን» በሚለው ትእዛዝ የሚከፈተው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ሲታሰብ፣ ያለ ኔትወርክ የሚነበብ መመሪያ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

ዌይላንድ የተባለው አዲሱ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ስክሪን የየራሱን መጠን ስለሚሰጥ ኤክስራንድአር በዚያ ላይ አያዝም፤ በብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ግን ኤክስ ገና እየሠራ ነው። በእነዚህ ላይ ትእዛዙ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስለሚረሳ፣ መስመሩ በአንድ ትንሽ ፋይል ተጽፎ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ራሱ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ኬብሉ አስቀድሞ ከተሰካም ሁለቱ ስክሪኖች ለብራናው ገጽና ለሚተየበው ጽሑፍ ተዘጋጅተው ይገኛሉ።