የታተመ ጥናት ሲደገም፦ ከኮለምበስ የመረጃ ፍተሻ እስከ ጥብቁ ክላውድ

አንድ በመጽሔት የታተመ ጥናት በዚያው መረጃና በዚያው የኮምፒውተር ኮድ በሌላ እጅ ቢደገም ያው ውጤት ይገኛል ወይ? በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮለምበስ፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ይህን ጥያቄ ይዘው የተነሡት በ1982 እ.አ.አ. ነበር። ዊሊያም ዲዋልድ፣ ጄሪ ተርስቢና ሪቻርድ አንደርሰን በገንዘብና በባንክ ጉዳይ ለሚታተም መጽሔት የጻፉ ተመራማሪዎችን መረጃቸውን ጠየቁ። በ1986 ይፋ እንዳደረጉት፣ መጀመሪያ ከመረመሯቸው 54 የመረጃ ስብስቦች ስሌቱን ለመድገም የሚያበቁት 8 ብቻ ነበሩ። በታተሙ ጥናቶች ውስጥ ሳይታወቅ የሚፈጸም ስሕተት የተለመደ እንደሆነም ደመደሙ። አጭበርባሪነት አላሉም፤ ልዩነቱ ሊዘነጋ አይገባም።

መጽሔቱ ከዚያ ወዲህ ጸሐፊዎች መረጃና ኮዳቸውን በመዝገብ እንዲያኖሩ ቢያስገድድም፣ በ2006 የወጣ ምርመራ ከ150 በላይ ከሚሆኑ ጥናቶች መደገም የተቻለው ከ15 ያነሱትን እንደሆነ አሳየ። ደንቡ ነበር፤ የሚያጣራ አልነበረም። የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ማኅበር ኮዱን ከኅትመት በፊት ማጣራት የጀመረው በ2019 ነው።

አስቸጋሪው ግን ለማንም የማይሰጠው መረጃ ነው፦ የግብር ሰነድ፣ የሕሙማን መዝገብ፣ የባንክ ብድር። ጥብቅ የክላውድ ሥርዓት እዚህ ላይ መንገዱን ይገለብጠዋል። መረጃው ወደ አጣሪው አይሄድም፤ አጣሪው ወደ መረጃው ይገባል። ቅጂ ማውረድ አይፈቀድለትም፣ የሠራው ሁሉ ይመዘገባል፣ ሠንጠረዡም የግለሰብ ማንነት እንዳይገልጥ ታይቶ ይወጣል። የመጀመሪያው ተመራማሪ የተጠቀመበት የሶፍትዌር ዕትም እንዳለ ስለሚቀመጥም፣ ከዓመታት በኋላ «በእኔ ኮምፒውተር ይሠራ ነበር» የሚለው ምክንያት ይቀራል። በፈረንሳይ «ካስካድ» የተሰኘው የማረጋገጫ ተቋም ምስጢራዊ መረጃን በተመሳሳይ ዘዴ ያጣራል።

ሆኖም ቁልፉ በመረጃው ባለቤት እጅ ነው። ለመጀመሪያው ተመራማሪ የከፈተውን በር ለአጣሪው ሊዘጋ ይችላል፤ በተለይም ግኝቱ የማያስደስተው ከሆነ።

ኢትዮጵያም ከዚህ ውጭ አይደለችም። ከ2011 እ.አ.አ. ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ የሚሰበሰበው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት መረጃ ለሕዝብ ክፍት ቢሆንም፣ የመንደሮቹ መገኛ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ይዛነፋል። ትክክለኛውን ርቀት የሚሻ ጥናት በዚህ መረጃ ብቻ ሊደገም አይችልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ጥንቃቄው ይበልጥ መጥበቁ አይቀርም። ክላውድ ከባዱን ስሌት በሩቅ ማሽን ስለሚሠራ ለባሕር ዳር ወይም ለጅማ ተመራማሪ ይጠቅማል፤ መስመሩ ካልተቋረጠና በውጭ ምንዛሪ የሚጠየቀውን ክፍያ የሚሸፍን ከተገኘ። የአጣሪው የመግቢያ ፈቃድም ከመጀመሪያው ተመራማሪ ውል ጋር አብሮ ቢጻፍ፣ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚነሣው ድርድር ይቀራል።