ሰላዩ ጣና ሲገባ

ከግሽ አባይ እስከ ፔዳ፣ «ዴርቶጋዳ»ን ያነበቡ ሁለት ባሕር ዳሮች ቡና ላይ ከተገናኙ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ክርክር ይነሣል። አንዱ መጽሐፉን ሲያነብ እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር እንደነጋ ያወራል። ሌላው «ፊልም ነው እንጂ ምን ልብ ወለድ ነው!» ብሎ ያጣጥለዋል።

የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወጥቶ በተደጋጋሚ ታትሟል፤ በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። የናሳ ሳይንቲስት፣ ሲአይኤ፣ ሞሳድና የጣና ገዳማት በአንድ ታሪክ ተገናኝተውበታል።

የስለላ ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አልነበረም። ማሞ ውድነህ በትርጉም ሥራዎቹ ጆሮ ጠቢዎችን ቀደም ብሎ አስተዋውቆናል። በእነዚያ መጻሕፍት ግን ኢትዮጵያዊው ከዳር ቆሞ ተመልካች ነበር። ይስማዕከ ሰላዮቹን ጣና ድረስ አመጣቸው፤ ዓለም የሚያሳድደውን ዕውቀትም በኢትዮጵያዊ ጭንቅላት ውስጥ አኖረው። ወጣቱ የወደደው ይህንን ነው፤ መውደዱም አያስነቅፈውም።

ነቃፊዎቹ ግጥምጥሞሹ በዛ፣ ጀግኖቹ የማይችሉት ነገር የለም፣ ሆሊውድ ሆሊውድ ይሸታል ይላሉ። አፍቃሪዎቹ «ልብ ወለድ አይደል እንዴ?» ብለው ይመልሳሉ።

መልሱ አያጠግብም። ልብ ወለድ እውነት መሆን ባይጠበቅበትም መታመን አለበት። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ውስጥም ስለላ አለ። አንባቢ የሚያምነው ግን የአስመራን ጎዳና ስለሚያይ፣ የጋዜጠኛውን የጸጋዬ ኃይለማርያምን ፍቅርና ፍርሃት ስለሚጋራ ነው። በ«ዴርቶጋዳ» መሣሪያው ይራቀቃል፣ ሴራው ይሮጣል፤ ሰዎቹ ግን ቆም ብለው ሲያመነቱ የምናያቸው ከስንት አንዴ ነው። የመጽሐፉ ድካም ከናሳው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ለሚቀጥለው ደራሲ ደግሞ ሮኬት እንኳ አያስፈልገውም። እዚሁ ባሕር ዳር ያለው ፖሊ ቴክኒክ ተቋም፣ በአጭሩ ፖሊ፣ የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም.፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአሜሪካ ወዳጅ በነበረበት ዘመን የሞስኮ መምህራን ጣና ዳር ያስተምሩ ነበር። ማን ማንን ይጠረጥር ነበር? ተማሪው ከማን ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር? የባሕር ዳር ጸሐፊዎች ያኔ የተማሩትን አዛውንት በሕይወት ሳሉ ይጠይቋቸው።